ስድስት ቅዳሜ ስለ ዋንግ አንሺ፦ አራት ኪሎ የሚሰጠው የታሪክ ትምህርት ሲገመገም

አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት የመጻሕፍት መደብሮች አንዱ፣ ከመደብሩ በላይ ባለችው አነስተኛ ክፍል ውስጥ፣ ስድስት ቅዳሜ የሚዘልቅ የታሪክ ትምህርት በክፍያ ይሰጣል። የሚጠናው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ በቻይና የሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የአፄ ሸንዞንግ ቀኝ እጅ የነበረው ዋንግ አንሺ። ለስድስቱም ቅዳሜ 1,800 ብር ይከፈላል፤ ነጥሎ መግባት የፈለገ ለአንዱ 400 ብር ይከፍላል። ሰዓቱ ከቀኑ 10 እስከ 12 ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ትምህርቱ ከክፍያው በላይ ይሰጣል። አራተኛው ቅዳሜ፣ ማለትም ለገበሬ ስለተሰጠው የመንግሥት ብድር የሚነገርበት፣ በአማርኛ እንዲህ ተብራርቶ የሚገኝ ነገር አይደለም። ጉድለቱ የጊዜ ድልድሉ ላይ ነው። ሰውየው ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ እስከ ሞቱ ድረስ ልቡ የተንጠለጠለበት አንድ ሕግ አለ፤ ያ ሕግ እዚህ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የደረሰው። ወደዚያ እንመለስበታለን።

ስለ ቦታው አጠር አድርገን እንለፍ። ክፍሏ ወደ ሠላሳ ሰው ትይዛለች። መወጣጫው ጠባብ ደረጃ ስለሆነ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ይከብዳል። ዋናው መንገድ ከመስኮቱ በታች ስለሚያልፍ በመኪናው ድምፅ የተነሣ ከኋላ በኩል ቃል ይጠፋል፤ ከፊት ሁለት ረድፍ መቀመጥ ይሻላል። የመኪና ማቆሚያ የለውም፤ ከሜክሲኮም ሆነ ከለገሃር የሚመጣ ሰው በታክሲ ቢመጣ ይቀለዋል። መብራት ሲጠፋ ፕሮጀክተሩ አብሮ ይጠፋል፣ ነገር ግን ዋናው ቁም ነገር በሙሉ በ48 ገጽ ጥራዝ ታትሞ ስለሚታደል ትምህርቱ አይቋረጥም። ሻይና ቡና በዋጋው ውስጥ ተካቷል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ስለ ፈተናው ነው። ዋንግ አንሺ የተወለደው በ1021 ነው፤ አባቱ መካከለኛ ሹም ነበር፣ ልጁ ገና ወጣት ሳለ በ1039 ሞተ። በ1042 ዋንግ ትልቁን የመንግሥት ፈተና ተፈትኖ አራተኛ ወጣ። ፈተናው ሦስት እርከን ነበረው፤ በአውራጃ፣ ከዚያ በመዲናይቱ በካይፌንግ፣ በመጨረሻም በቤተ መንግሥት። መምህሩ ይህን በቃል ብቻ አያልፉትም። እያንዳንዱ ተሳታፊ በጥቁር እስክሪብቶ አንድ አንቀጽ ይጽፋል፤ ስሙን በወረቀት ቁራጭ ሸፍኖ ይለጥፋል፤ ወረቀቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ቃል በቃል በቀይ ይገለበጣል። ለአራሚው የሚደርሰው ቀዩ ግልባጭ ብቻ ነው። በሶንግ ዘመን የተደረገውም ይኸው ነው፦ ስም ይሸፈናል፣ አራሚው የእጅ ጽሕፈቱን ዐውቆ ለዘመዱ እንዳያዳላ ጸሐፊዎች ሁሉን በቀይ ቀለም ይገለብጣሉ። ከዚህ በኋላ ግልባጮቹ ከዋናዎቹ ጋር ይመሳከራሉ፤ ምክንያቱም ገልባጩ አንድ ፊደል ቢስት የሚወድቀው ተፈታኙ ነው። ልምምዱ ላይ በሩብ ሰዓት ውስጥ ስንት ስሕተት እንደሚገባ ማየት ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይቀራል። ዋንግ ራሱ በኋላ ሥልጣን ሲይዝ ይህን ፈተና ቀይሮታል። በ1071 ግጥም መግጠም ከፈተናው ወጥቶ የጥንታውያን መጻሕፍትን ፍቺ ማብራራት ገባ። በእኛ የቤተ ክህነት ትምህርት ቋንቋ ብንናገረው፣ ቅኔ ቤቱን ዘግቶ መጻሕፍት ቤቱን ከፈተ ማለት ነው። ሐሳቡ አገር የሚያስተዳድር ሰው ከቃላት ውበት ይልቅ የነገሩን ምሥጢር ይመርምር የሚል ነበር። ይሁንና በ1075 እርሱና ረዳቶቹ ያዘጋጁት ትርጓሜ የፈተናው መመዘኛ ሆኖ ታወጀ። ውጤቱን መገመት አይከብድም፤ ተማሪው መጽሐፉን ትቶ የዋንግን ትርጓሜ መሸምደድ ያዘ። ዋንግ ራሱ ደብተራውን ሊቅ ላደርግ ብዬ ሊቁን ደብተራ አደረግሁት የሚል ጸጸት እንደተሰማው ይተረካል። መምህሩ ሁለቱንም ዓመታት ይጠቅሳሉ፣ ግን አያገናኟቸውም። ቀዩን ግልባጭ በእጁ የያዘ ተሳታፊ ፊት ይህን ቢያነሡት ኖሮ ነገሩ ይጠነክር ነበር።

ስለ ጥራዙ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፤ ዓመተ ምሕረቱ ተደበላልቋል። አንዳንዱ ገጽ ላይ ያለው ቁጥር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ አንዳንዱ ላይ ወደ እኛ ተመልሷል፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልተጻፈም። እዚህ ግምገማ ላይ የቻይናው ታሪክ ቁጥሮች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ ለመመለስ ድርጊቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ከሆነ 7፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ከሆነ 8 ይቀነሳል። በቻይናው አቆጣጠር ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ዋንግ ዋና ሹም የሆነው ሺኒንግ በሚባለው የአፄ ሸንዞንግ የዘመን ስም በ3ኛው ዓመት በ12ኛው ወር ነው። ሺኒንግ 3 በአብዛኛው ከ1070 ጋር ይገጥማል፤ 12ኛው ወር ግን ወደ ጥር 1071 ይሻገራል። አንዱ መጽሐፍ 1070 ሌላው 1071 የሚለው በዚህ ነው፤ በእኛ 1063 ዓ.ም ይሆናል። ዕድሜውም እንዲሁ ነው። ታኅሣሥ 1021 ተወልዶ ግንቦት 1086 የሞተ ሰው 64 ዓመት ከጥቂት ወር ኖረ፤ በቻይና ባህል ግን ሕፃን ሲወለድ አንድ ዓመት ተብሎ ስለሚጀመርና በየአዲሱ ዓመት አንድ ስለሚጨመርለት 66 ይባላል። ጥራዙ በአንድ ገጽ 64 በሌላው 66 ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ግን ሳይብራራ የታለፈ አንባቢ አንዱን ስሕተት ማለቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ቅዳሜ ቀለል ያለ ነው። ዋንግ ከ1047 እስከ 1050 ዛሬ ኒንግቦ በምትባለው ከተማ አካባቢ የዪን ወረዳ አስተዳዳሪ ነበር። ቦይና ግድብ አስጠገነ፤ በጸደይ፣ የገበሬው ጎተራ ሲራቆት፣ ከመንግሥት ጎተራ እህል አበድሮ ከመከር በኋላ በጥቂት ወለድ አስመለሰ። በመዲናይቱ ሹመት በተደጋጋሚ ሲሰጠው እምቢ እያለ በክፍለ ሀገር ቆየ። በ1058 ለአፄ ሬንዞንግ ዐሥር ሺህ ቃል ይደርሳል የተባለለትን ማስታወሻ ጻፈ፤ ምንም አልተደረገበትም። ይህ ቅዳሜ ካመለጠ ከጥራዙ ማንበብ ይበቃል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ከመምህሩ ጋር የማንስማማበት ነገር አለ። ዋንግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ጠቅላይ ሚኒስትር» ይሉታል። አማርኛ ሰሚ ይህን ቃል ሲሰማ ካቢኔውን የሚመራ፣ በጀቱንም ሠራዊቱንም የሚያዝ ሰው ነው የሚታየው። የሶንግ ዛይሺያንግ፣ ማለትም ዋንግ የያዘው የዋና ሹምነት ቦታ፣ እንዲያ አልነበረም። መጀመሪያ፣ ብቻውን ላይሆን ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ዛይሺያንግ መኖሩ የተለመደ ነው፣ ከሥራቸውም ምክትሎች አሉ። ሁለተኛ፣ ሠራዊቱ ራሱን የቻለ የጦር መሥሪያ ቤት ነበረው። ሦስተኛ፣ ግምጃ ቤቱ «ሦስቱ ቢሮዎች» በሚባል ሌላ መሥሪያ ቤት ሥር ነበር። ይህ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፦ ማንም ሹም ሰይፉንም ከረጢቱንም አንድ ላይ እንዳይዝ። ዋንግ በ1069 ምክትል ሆኖ ሲሾም ከሁሉ አስቀድሞ የገንዘብ ደንብ የሚያወጣ አዲስ ኮሚሽን ያቋቋመው ለዚህ ነው። ግምጃ ቤቱ በእጁ ስላልነበረ በጎን በር ገባ። ይህን ያልተረዳ ሰው ተቃዋሚዎቹ ገና ሕጎቹ ሳይወጡ ስለ ኮሚሽኑ ለምን እንደጮኹ አይገባውም።

ለእኛ የሚቀርበው ቃል ጸሐፌ ትእዛዝ ነው። በቤተ መንግሥታችን ጸሐፌ ትእዛዝ ማኅተሙን የያዘ፣ የንጉሡን ቃል ወደ ጽሑፍ የሚያወርድ ሹም ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስን እናስታውስ፤ በዘመናቸው የጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ስም የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ነበር፣ ሥልጣኑ ግን ያደረው ብዕሩና ማኅተሙ ዘንድ ነው። በ1947 ዓ.ም ከቦታቸው ሲነሡም አሩሲን እንዲገዙ ተላኩ። ዋንግም በ1074 ሲወርድ የተሰጠው የጂያንግኒንግ፣ የዛሬዋ ናንጂንግ፣ አስተዳዳሪነት ነበር። በሶንግ ዘመን ዛይሺያንግ ሲወድቅ ወደ ክፍለ ሀገር ይሸኛል እንጂ አንገቱ አይቀላም፤ ከዚያ በፊት በቺን ሥርወ መንግሥት ዘመን ዋና ሹሙ ሊ ሲ የደረሰበትን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ208 በአደባባይ በሞት መቀጣቱን፣ ለሚያውቅ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝም ልክ አይገጥምም፣ ምክንያቱም ዛይሺያንግ ከጻፈው ይልቅ የመከረው ይበልጣል። ቢሆንም ከጠቅላይ ሚኒስትር ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ዛይሺያንግ ብሎ አንድ ጊዜ ማብራራት ነው። መሥሪያ ቤቱ ራሱ በ1380 የሚንግ መሥራች ንጉሠ ነገሥት ሲሽሩት ስለተቋረጠ፣ ዛሬ የሚተካከለው ሹመት የትም የለም።

አራተኛው ቅዳሜ ላይ መምህሩ ከቦርሳቸው በክር የተሰካ የናስ ሳንቲም ያወጣሉ። ማስመሰያ ነው፣ ግን ክብደቱ እጅን ወደ ታች ይጎትታል። ሳንቲሞቹ መሐላቸው አራት ማዕዘን ቀዳዳ አላቸው፤ ክሩ የሚያልፈው በዚያ ነው። አንድ ክር 1,000 ሳንቲም ይባላል። ተሳታፊዎች እንዲቆጥሩ ይደረጋል፤ የሚወጣው 770 ነው። ስሕተት አይደለም። ሳንቲም እያነሰ ሲሄድ መንግሥት ራሱ 77ን እንደ 100 ቆጥሮ ደነገገ። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ሁሉ በዚህ ክር ነው የሚለካው።

የ1069 የብድር ሕግ «የለጋ ቡቃያ» ብድር ይባላል፤ ገንዘቡ የሚሰጠው እህሉ ገና በማሳ ላይ ለምለም ሳለ ስለሆነ። መነሻ ካፒታሉ በየክፍለ ሀገሩ ጎተራ ውስጥ የተቀመጠው እህልና ገንዘብ ነበር፤ በክርና በእህል መስፈሪያ ተደምሮ ከ15 ሚሊዮን በላይ። ብድሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታደላል፦ አንዱ እስከ አንደኛው ወር መጨረሻ፣ ሌላው እስከ አምስተኛው ወር መጨረሻ። የሚመለሰው ከበጋውና ከመኸሩ ግብር ጋር ነው። ገበሬዎች አምስት ወይም ዐሥር ቤት ሆነው በዋስትና ይተሳሰራሉ፤ አለቃቸው ደህና ሀብት ያለው መሆን አለበት። ወለዱ 20 በመቶ ነው። የአራጣ አበዳሪው ከዚህ እጅግ ይበልጥ ስለነበር በወረቀት ላይ ሲታይ ገበሬውን ከአራጣ የሚያወጣ ነው።

እዚህ ላይ መምህሩ ሒሳቡን በሰሌዳው ላይ ያፈርሱታል፣ እኛም ያደነቅነው ይህን ነው። 20 በመቶ ለአንድ ዙር ነው እንጂ ለአንድ ዓመት አይደለም። በጸደይ 10 ክር የወሰደ በስድስት ወር ውስጥ 2 ክር ወለድ ይከፍላል፤ በመኸር እንደገና 10 ወስዶ በዓመቱ መጨረሻ ሌላ 2። ይህን በ1070 በጽሑፍ ለንጉሠ ነገሥቱ ያቀረበው አንጋፋው ሹም ሃን ቺ ነው፤ በሄቤይ ክፍለ ሀገር ደግሞ በ1,000 ሳንቲም 1,300 ይመለስ እንደነበር ጨምሮ አመለከተ። ያው ጽሑፍ የሄቤይን የብድር ጣሪያ በየሀብት ደረጃው፣ ከባለጠጋው እስከ ድኻው፣ ይዘረዝራል፤ አንደኛ ደረጃ ቤተሰብ እስከ 15 ክር፣ ሁለተኛ 10፣ ሦስተኛ 6፣ አራተኛ 3፣ አምስተኛ 1 ከግማሽ። ቁጥሮቹን ልብ ብሎ ያየ ሰው በሽታውን ያገኘዋል። ብድር ያስፈለገው አምስተኛው ደረጃ ነው፣ ትንሹ የተመደበውም ለእርሱ ነው። ብድር የማያስፈልገው አንደኛው ደረጃ ነው፣ ትልቁ የተከፈተውም ለእርሱ ነው።

ለምን? ሹሙ የሚመዘነው ስንት ክር አበድሮ ስንት ወለድ አስገባ በሚለው ነበርና። ለድኻ ቢያበድር ገንዘቡ ይቀራል፤ ለባለጠጋ ቢያበድር ይመለሳል፣ ባለጠጋው ግን አይፈልግም። ስለዚህ ያስገድደዋል። የዋስትናው ሰንሰለት ደግሞ ድኻው ሲጠፋ ዕዳው በባለጠጋው ጎረቤት ላይ እንዲወድቅ አደረገ። ሃን ቺ ማሳ የሌለው የከተማ ሰው እንኳ የቡቃያ ብድር እንዲወስድ መገደዱን ጽፏል። በማዳበሪያ ዕዳ ምክንያት በሬውን የሸጠ ገበሬ በሚታወቅበት አገር ይህ ነገር ማብራሪያ አይፈልግም፤ ክፍሉ ውስጥ ጥያቄ የሚበዛበትም ይህ ሰዓት ነው። ከሁሉ የተሻለው ጥያቄ፣ በዪን ወረዳ የሠራው ነገር በአገር ሲሰፋ ለምን ተበላሸ የሚለው ነው። የመምህሩ መልስ አጥጋቢ ነው፦ በዪን አበዳሪው ተበዳሪውን ያውቀዋል፣ የሚጠበቅበት የወለድ ልክም የለበትም። በአገር ደረጃ ግን ሹሙን የሚያየው ላይ ያለው ብቻ ነው። ጽሑፉ ሲቀርብ ንጉሠ ነገሥቱ አመነቱ፤ ዋንግ አመመኝ ብሎ ቤቱ ተቀመጠ፣ ልልቀቅ አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለምነው መለሱት። «እምቢተኛው ዛይሺያንግ» የሚል ቅጽል መውጣቱ አያስገርምም።

አምስተኛው ቅዳሜ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። በ1070 የወጣው የዋስትና አደረጃጀት አለ፤ 10 ቤት፣ 50 ቤት፣ 500 ቤት እየተባለ ተሰፍሮ፣ በኋላ ወደ 5፣ 25 እና 250 የወረደው። አንድ ለአምስትን የሚያውቅ አድማጭ ወዲያው ይረዳዋል። በ1072 ደግሞ የንግድ ልውውጥ ቢሮ ተከፈተ፤ ትንንሽ ነጋዴዎች በትልልቆቹ እንዳይዋጡ ያልተሸጠ ዕቃቸውን መንግሥት እንዲገዛ፣ በዱቤም እንዲያከፋፍል። ቢሮው እስከ ፍራፍሬ ችርቻሮ ወረደና አፄ ሸንዞንግ ራሳቸው ለዋንግ ይህ እጅግ ጥቃቅን ሆነ አሉት። በዚያው ዓመት የእርሻ መሬት ልኬትም ተጀመረ። ይህ ሁሉ ተነግሮ ሲያበቃ ሰዓቱ አልቋል፣ ለ1071ዱ «የምትክ ግብር» ሕግ ሃያ ደቂቃ ብቻ ይቀራል።

ይህ ሕግ ከብድሩ የበለጠ ሥር ነቀል ነበር። ከእርሱ በፊት የገጠር ቤተሰብ ሁሉ በሀብቱ ደረጃ ወጥቶለት፣ ሻል ያለው በተራ የመንግሥትን ሥራ በነፃ ይሠራ ነበር። ከሁሉ የሚፈራው የመንግሥት ዕቃ ጠባቂነትና አጓጓዥነት ነው። ዕቃው ቢጠፋ፣ ቢበሰብስ፣ ጀልባው ቢሰምጥ የሚከፍለው ተረኛው ነበር፤ አንድ ተራ ብቻ ደህናውን ቤት ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ሰው እንዳይበለጽግ ይጠነቀቅ ነበር። አንድ የሾላ ዛፍ ጨምሮ የተከለ፣ አንድ በሬ የጨመረ፣ የሁለት ዓመት እህል ያከማቸ ሰው ጎረቤቶቹ ባለጠጋ ብለው ለዚህ ግዳጅ ይጠቁሙታል የሚል ማስታወሻ አለ። በአንድ ቤት ያለው ጎልማሳ ወንድ አንድ ብቻ ከሆነ ግዳጁ ስለሚቀርለት፣ ልጄ ይትረፍ ብሎ ራሱን የሰቀለ አባት እንደነበረም ለንጉሠ ነገሥቱ ተነግሯል። የዋንግ ሕግ ግዳጁን በገንዘብ ለወጠው። ሁሉም እንደ ደረጃው ይከፍላል፣ በዚያ ገንዘብ ሠራተኛ ይቀጠራል። ቀድሞ ነፃ የነበሩት ሹማምንትና ገዳማት ሳይቀሩ ግማሹን እንዲከፍሉ ተደረገ። ለክፉ ቀን የሚሆን ሃያ በመቶ ተጨማሪም ይሰበሰባል። የተበላሸበትም ቦታ ይታወቃል፤ ግብሩ የሚፈለገው በሳንቲም ነው፣ ገበሬው ያለው እህል ነው። በመከር ሰዓት ሁሉም እህሉን ለሳንቲም ሲሸጥ የእህል ዋጋ ይወርዳል። ያ በክር የተሰካው ሳንቲም እዚህ ቅዳሜ ላይ መምጣት ነበረበት።

መምህሩ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ ጥራዙ ውስጥ አንድ ገጽ ተኩል ላይ በሚገባ ተጽፏል። በቃል ግን አይደርሱበትም። መፍትሔው ቀላል ይመስለናል፦ ሁለተኛውን ቅዳሜ ከመጀመሪያው ጋር አዋሕዶ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ለምትክ ግብሩ መስጠት።

ስድስተኛው ቅዳሜ ስለ ውድቀቱ ነው፤ ጥሩ ይተረካል። በ1073 የጀመረው ድርቅ እስከ ሚቀጥለው ጸደይ ዘለቀ። ዜንግ ሺያ የተባለ፣ ቀድሞ ዋንግ ራሱ የረዳው፣ በካይፌንግ የአንድ በር ጠባቂ ሹም፣ የሚያያቸውን ስደተኞች በሥዕል አሣለ። በመደበኛው መንገድ እንደማይደርስለት ስላወቀ አስቸኳይ የጦር መልእክት ነው ብሎ በፈረሰኛ መልእክተኛ ወደ ቤተ መንግሥት ላከው። ንጉሠ ነገሥቱ ሥዕሉን አይተው ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳጡ ይነገራል። ዋንግ በ1074 ለቀቀ፣ በ1075 ተመለሰ፣ በ1076 ልጁ ዋንግ ፓንግ ሞተበትና በዚያው ዓመት ለመጨረሻ ጊዜ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ጂያንግኒንግ ከከተማውና ከተራራው መካከል በሠራው ቤት ኖረ፤ የሚንቀሳቀሰው በአህያ ነበር። በ1084 የቀድሞ ተቃዋሚው ሱ ሺ መጥቶ ጎበኘው፤ በዚያው ዓመት ቤቱን ለገዳም ሰጥቶ ከተማ ውስጥ ተከራየ።

በ1085 አፄ ሸንዞንግ ሞቱ፣ የዋንግ ዋና ባላጋራ ሲማ ጉዋንግ ሥልጣን ያዘ፣ ሕጎቹ አንድ በአንድ ተሻሩ። ትምህርቱ እዚህ ላይ ዋንግና ሲማ ጉዋንግ ሁለቱም በ1086 በጥቂት ወራት ልዩነት መሞታቸውን ነግሮ ያበቃል። የሚጎድለው ይህ ነው፦ ሲማ ጉዋንግ የምትክ ግብሩ በአምስት ቀን ውስጥ ቀርቶ የቀድሞው ግዳጅ እንዲመለስ አዘዘ። ስለ ሾላ ዛፉና ስለ በሬው ያንን ማስታወሻ ጽፎ የነበረው ደግሞ ራሱ ሲማ ጉዋንግ ነበር። የዋንግን ሕጎች ሲቃወም የኖረው ሱ ሺ እንኳ ይህኛው ይቅር አይባልም ብሎ ተከራከረው። ዋንግ ጂያንግኒንግ ሆኖ የሌሎቹን ሕጎች መሻር ሲሰማ ዝም ብሎ ነበር ይባላል። የዚህኛው ሲነገረው ግን እስከዚህ ድረስ ደረሱን ብሎ ጠየቀ፤ ይህን ሕግ ከሟቹ ንጉሠ ነገሥት ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ተመካክረንበት ነው ያወጣነው አለ።